ሹራብ የለበሰው የመስታወት ቤት

ደብሪቱ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ጠላት ብቻ ነበራት፤ ብርድ። ዘመኑ ጠላት በየጊዜው በሬዲዮ የሚታወጅበት ዘመን ቢሆንም የእሷ ጠላት አልተለወጠም። ሰራተኛ ሰፈር ከምትገኘው የቀበሌ ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ክር ከገበያ ሲጠፋ አሮጌውን ተርትራ አዲስ ታወጣለች። ራሴን አመመኝ ያላት ሰው ብርድ መትቶት ነው፤ ሆዴን ያላትም እንደዚያው። ባሌ አኮረፈኝ ላለቻት ጎረቤት እንኳ «ወገቡን ብርድ ይዞት ይሆናል» ብላ ሹራብ ሸጠችላት ይባላል። ይሄኛው ሳይጋነን አልቀረም።

እንግዲህ የእንዲህ ያለችዋ ሴት አንድ ልጅ ናት ሌኒንግራድ የትምህርት ዕድል ያገኘችው። ጎረቤቱ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ሲላት ደብሪቱ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ትልና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እያለቀሰችም እጇ ሹራብ መሥራቱን አይተውም። የልጅቱ ሻንጣ በሹራብ ተወጥሮ አልዘጋ አለ።

መሄጃዋ ሲቃረብ ልጅቱ፣ እፀገነት፣ ከአራት ኪሎ አንድ ባልዲ በነጠላ ሸፍና መጣች። ደብሪቱ ነጠላውን ገለጠችና ወደ ኋላ ሸሸች። ባልዲው ውስጥ የገረጣች፣ እግርም ጅራትም ያላት ፍጥረት ተኝታለች፤ በአንገቷ ግራና ቀኝ ቀያይ ላባ የመሰለ ነገር ይወዛወዛል።

«አክሶሎትል ትባላለች እማዬ» አለች እፀገነት። «ቤተ ሙከራ ውስጥ እኔ ነበርኩ የማበላት። ያመጧት የውጭ መምህር አገራቸው ገቡ፣ እኔም መሄዴ ነው። የሚያኖራት ካልተገኘ ገድለው መድኃኒት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ሊያስቀምጧት ነው። እናንተ ጋ ትሁንልኝ፤ ስትበላ አይቼ ልሂድ።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ! ደግሞ ስታድግ ምን ልታህል ነው?»

«አድጋ ጨርሳለች። እሷ ብታረጅም መልኳ የልጅ ነው።»

ደብሪቱ አማተበችና እንደገና ጎንበስ አለች። ፍጥረቷ ትንንሽ ጣቶች ነበሯት። አፏም ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለ ነው። «ጣት አላት እኮ!» አለች፤ ወደ ባልዲውም ጠጋ አለች። ባሏ እምሩ፣ የአራዳ ልጅ ነውና፣ ወዲያው «ጩጬ» ብሎ ስም አወጣላት።

እምሩ ፒያሳ መስታወት ቆራጭ ነው። የመስኮት መስታወት ቆርጦ፣ በብረት ማዕዘን አስይዞ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ ቤት ሠራላት። መጀመሪያ ሲሞላ በአራቱም በኩል አፈሰሰ፤ እየተሳደበ እንደገና ለጠፈው። እፀገነት የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በበርሜል አሳደረችው። ጠጠር ብታገኝ ትውጣለች ብላም ከወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥታ አነጠፈችላት፤ የተሰበረ እንስራ ግማሹን ደፍታ መደበቂያ አበጀችላት። በመጨረሻም እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች «ውሃዋ ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቀት ይገድላታል» አለች። ደብሪቱ ሰማች። መስማትና ማመን ግን ለየቅል ናቸው።

በማግስቱ አራዳ ጊዮርጊስ ሄዳ ተሳለች። ስለቱ ጃንጥላም ሻማም አልነበረም። «ጊዮርጊሴ፣ ይህችን ባዳ ፍጥረት እኔ አኖርልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ የኔን ልጅ በባዳ አገር አኑርልኝ» አለችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በእሷ ቤት የጩጬ ነፍስና የእፀገነት ነፍስ አንድ ላይ ታሰሩ።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የግቢዋ ጎረቤት ብርኽቲ መስታወቱ ፊት ቆማ ደረቷን ስትደቃ አገኘቻት። «እዋይ ደብርዬ! ይቺማ ብርድ መትቷት ነው የገረጣችው። ልብስ የላት፣ ጸጉር የላት!»

ደብሪቱም የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር። ባልና ልጅ ሲወጡላት ለካውያዋ ከሰል የምታቀጣጥልበትን ምድጃ ወደ ጩጬ አስጠጋች። በማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ ጨመረችላት። አልበቃ ብሏት ለመስታወቱ ልኩን ወስዳ ቀይና ሰማያዊ ሹራብ ሠራችለት። እምሩ ሲገባ አይቶ ሳቀ፤ «እጅጌው ቀረ!» አላት። ሹራቡን እንጂ ምድጃውንና ማንቆርቆሪያውን አላየም፤ እሱ ሲመጣ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ጩጬ ግን ትል ሲቀርብላት ፊቷን አዞረች። ያ ላባ የመሰለው ወደ ፊት ታጠፈ፤ የጅራቷ ጫፍ ተጠቀለለ። ደብሪቱ ደነገጠችና ለብ ያለውን ውሃ ጨመረች። ባሰባት። ደግማ ጨመረች። የእፀገነት መነሻ ሊደርስ አንድ አዳር ሲቀረው ጩጬ ወደ ላይ ተንሳፍፋ አየር ትጎርስ ጀመር። ለደብሪቱ ጊዮርጊስ ውሉን ያፈረሰ መሰላት።

እምሩ ሄዶ ጠራት፤ እፀገነት ከአራት ኪሎ አብራው እየሮጠች ገባችና እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች።

«እማዬ፣ ውሃው ለምን ሞቀ?»

ደብሪቱ ልትዋሽ አሰበች፤ ግን አልሆነላትም። «ራቁቷን ናት እኮ ልጄ! ብቻዋን ናት፤ ብርድ ብርድ ሲላት ለማን ትናገር? ማንስ አለላት?» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ እኔው ነኝ የገደልኳት።»

ስለ ጩጬ ብቻ እየተወራ እንዳልሆነ ሦስቱም ገባቸው። እፀገነት በእርጥብ እጇ እናቷን አቀፈቻት። «አልሞተችም። ባንዴ እንዳትደነግጥ ቀስ እያልን እናቀዝቅዝላት» አለች።

ከበርሜሉ በጣሳ በጣሳ እየቀዱ ጨመሩ። መስታወቱን ፀሐይ ወደማይደርስበት ጥግ አወረዱት። ቀን ላይ ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ቤቱን ምጣድ ያደርገዋልና እምሩ ራሱን አከከ። በወጣትነቱ አሰብ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ በዚያ በረሃ የመጠጥ ውሃቸውን እርጥብ ጆንያ አልብሰው ነበር የሚያቀዘቅዙት።

«ደብሬ፣ ያንን ሹራብሽን ውሃ ነክረሽ አልብሺው።»

ደብሪቱ ሹራቧን አየችው። በዕድሜዋ የሠራችው ሁሉ ለማሞቅ ነበር። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ደፈቀችው፣ ጨመቅ አድርጋ አለበሰችው።

ጠዋት ላይ የጩጬ ላባ ተዘርግቶ፣ ጅራቷም ተፍታቶ ተገኘ። እፀገነት ትል ሰደደችላት። ጩጬ ጥቂት አሰበችበትና ዋጥ አደረገችው። ደብሪቱ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ብርኽቲ መቀነቷን ሳትታጠቅ እየሮጠች መጣች።

«ማን ወለደ?»

«ጩጬ በላች!»

«በሞትኩት! እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ» አለች ብርኽቲ፤ ግን እሷም እልል አለች።

ከዚያ ደብሪቱ ጓዳ ገብታ ሻንጣውን ከፈተች። ሹራቦቹን አንድ በአንድ አወጣችና አንዱን ብቻ አስቀረች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እኔ የማውቀው ብርድ የዚህን አገር ነው ልጄ። የዚያን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አገሩ የሚልሽን ስሚ።»

ሻንጣው ያለ ትግል ተዘጋ። እፀገነት ግን ከተቆለሉት ውስጥ ወፍራሙን መዝዛ አጠለቀችው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እምሩ «ቀልጠሽ ልታልቂ ነው» ቢላት አልሰማችውም። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ላቧ በጆሮ ግንዷ እየወረደ ሄደች፤ እናቷ ከዓይኗ እስክትጠፋም አላወለቀችውም።

ደብሪቱ ቤቷ ስትመለስ ሻሏን እንኳ ሳታወርድ ወደ ጥጉ ሄደች። የመስታወቱ ሹራብ ደርቆ ነበር። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ባልዲውን አነሳች።

«እኔ ድርሻዬን ይዣለሁ ጊዮርጊሴ፤ አንተም ያንተን» አለችና ሹራቡን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነከረችው።