ደቻቱ ሲሞላ የተተከለ ድንኳን

የዓለምዘርፍ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ይህን ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው የቡና እርሻ ውስጥ የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም። ድሬዳዋን በእግሯ ረግጣ እንደማታውቅ ደግሞ ከራሷና ከአንድ ነጋዴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የተወለደችው ማጂ ነው፤ ደጋው ላይ፣ እናቷ ወይዘሮ ንጋቷ ነጭ ሽንኩርት እየሸጡ ባሳደጓት ቤት።

ውሸቱ የተጀመረው በአንድ ቃል ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን እርሻው ለሠራተኞች ክበብ ወጥ ቤት ሠራተኛ አወዳደረ። የዓለምዘርፍ አንዲት የድሬዳዋ ሴት ጅማ ላይ በከፈተችው ሆቴል ዓመታት ሠርታ፣ ሳንቡሳውንም ሩዙንም ፓስታውንም ተምራ መጥታ ነበር። ከእሷ ፊት የተጠየቁት ሴቶች አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከናዝሬት ነን አሉ። ተራዋ ደርሶ "አንቺስ፣ አገርሽ የት ነው?" ስትባል፣ ማጂ ብትል እዚያው በመጣችበት እግሯ የሚመልሷት መሰላትና "ድሬዳዋ" አለች። ተቀጠረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥገና ነበር። የቀድሞ አሠሪዋን ትዝታ ሙልጭ አድርጋ ወረሰች። የባቡሩን ፊሽካ አወራች፣ የከዚራ ሰፈርን የዛፍ ጥላ አወራች፣ በሙቀት ጊዜ ሰው አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ እንደሚተኛ አወራች። ወጥ የሚያስጨምራትን ሰው "አቦ ተወኝ!" ማለትም ለመደች። ሠራተኛው ሁሉንም በደስታ ተቀበላት፤ ያላመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከተማው መሀል ደቻቱ የሚባል ወንዝ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሃ የለውም፣ አሸዋ ነው ስትል፣ የቡና መፈልፈያ ማሽኑ መካኒክ፣ የእድሩም ሊቀመንበር የሆኑት አቶ ታፈሰ ሹካቸውን አስቀምጠው "ውሃ ከሌለው ወንዝ መሆኑን በምን አወቁት?" ይሏታል። ቴፒ ዝናብ የማያባራበት፣ ቦይ ሁሉ ወንዝ ልሁን የሚልበት አገር ነው። በዚህች አንዲት እውነት የተነሳ የዓለምዘርፍ ዓመታት ሙሉ ሲሳቅባት ኖረች።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቀን ጠዋት፣ ክበቡ ቁርስ ላይ እንዳለ፣ ሬዲዮው ደቻቱ ድንገት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሰው እንደገደለና ቤት ጠራርጎ እንደወሰደ ተናገረ። ማንኪያ ሁሉ ቆመ። ከዚያም የቤቱ ሰው በሙሉ ቀስ ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞረ፤ የዓለምዘርፍ ጭልፋ ይዛ ቆማለች።

"የዓለም፣ ይቅር በይኝ፤ ለካ ወንዝ ኖሯል" አሉ አቶ ታፈሰ።

እሷም ይቅር አለቻቸው። ሌላ ምን ትበል?

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ብርሃነመስቀል ደንብ የሚወዱ፣ ሲናገሩም ደብዳቤ የሚያነቡ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስበው ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት የመጣውን ውሳኔ አሰሙ፤ ለጎርፍ ተጎጂዎች ሠራተኛው የሚያዋጣውን ያህል ድርጅቱ ከራሱ ይጨምራል። ሠራተኛው አንድ ብር ካለ ድርጅቱም አንድ ብር ይላል፣ ዝም ካለ ድርጅቱም ዝም ይላል። ገንዘብ ያዥዋ ትዕግሥት ቁልፍ ያለው ሳጥን ቢሮዋ በር ላይ አስቀመጠች። ሰው አልፎ ሄደ፣ ተመልሶም አለፈ። ስስት አልነበረም። ሐዘን ሲሆን ሰው ዘንድ ይኬዳል፣ ይቀመጣል፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይባላል፣ ከዚያ እጅ ወደ ኪስ ይገባል። ሳጥንን "አይዞህ" ማለት ግን ለማንም አልመጣለትም።

"ባለሐዘኑ ማነው?" ሲሉ ጠየቁ አቶ ታፈሰ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፣ መልሱም ሩቅ አልነበረም።

አቶ ብርሃነመስቀል የዓለምዘርፍን ቢሯቸው አስጠርተው ስልኩን ወደ እሷ ገፉላት። "ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ቤተሰብዎን ይጠይቁ። ሒሳቡ በድርጅቱ ነው።" እሷም መነጋገሪያውን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። የምትደውልለት ሰው አልነበራትም፤ ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ አንከራተተች፣ ትንሽ ቆየች፣ መልሳ አስቀመጠች። "አያነሱም" አለች። ምንም ስላልደወለች፣ በጥብቁ ከተመዘነ ይኸኛው ውሸት አልነበረም። ወሬው ግን ከቢሮው እስከ ችግኝ ጣቢያው ሲደርስ "ማንም አልተረፈላትም" ሆኖ ነበር።

ያን ዕለት ምሳ አብልታ ወደ ሠራተኞች ሰፈር ስትመለስ ደጇ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ አገኘችው። አግዳሚው ሞልቷል። ንፍሮ ተቀቅሏል። አብረዋት ወጥ ቤት የሚሠሩት፣ በዕድሜ የሚበልጧት እትዬ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው እያለቀሱ ተቀበሏት።

"ማን ሞቶ ነው?" አለች የዓለምዘርፍ ደንግጣ።

"ውይ ልጄን! አእምሮዋን ነስቷታል" አሉ እትዬ ወለተሥላሴ፣ ይዘዋትም ፍራሽ ላይ አስቀመጧት።

ያኔውኑ ልትናገር ነበር። አፏንም ከፍታለች። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ትዕግሥት ሳጥኑን በዣንጥላ ከልላ ድንኳኑ ውስጥ ገባች፤ አቶ ብርሃነመስቀልም ተከትለው ገብተው፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ በሙሉ እንደ ሠራተኛ መዋጮ ተቆጥሮ ድርጅቱ ያንኑ ያህል እንደሚጨምርበት አስታወቁ። ሳጥኑ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ሰው ተነሣ። ቢሮው በር ላይ ሳንቲም ያላየ ሳጥን እዚህ ሲደርስ ቀዳዳው ጠበበ። ቡና የሚኮተኩቱት የቀን ሠራተኞች እንኳን ጭቃቸውን በር ላይ እያራገፉ መጡ፤ እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ "ያጽናሽ" ይላታል፣ ከዚያ ይከታል።

የዓለምዘርፍ አፏን ዘጋች። እውነቱን ከተናገረች ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ድንኳኑ ከፈረሰ ሰው ገንዘቡን ይመልስልኝ ይላል፤ የሠራተኛው ከተመለሰ የድርጅቱም ይቀራል፤ ድሬዳዋ ያለው ቤት አልባ ሰው እጥፍ ያጣል። እሷም በሐሰት ቃል ተቀጥራ የኖረች ሴት ትሆናለች፣ እንጀራዋም በዚያው ያበቃል። እናም ተቀመጠች።

ችግሩ ማልቀስ ነበር። እንባ እምቢ አላት። ያላየችውን ከተማ አስባ ሞከረች፣ አሠሪዋን አስባ ሞከረች፣ ምንም። አንድ ጊዜማ ከቤት የተከተፈ ሽንኩርት ላምጣ ይሆን ብላ አሰበችና በራሷ አፈረች። ሴቶቹ ግን ይህን በሌላ ተረጎሙት። "ደርቃ ቀረች፤ ከማልቀስ የባሰ ይኸ ነው" ተባባሉ፣ እሷንም እያዩ የበለጠ አለቀሱ።

በሁለተኛው ቀን አቶ ብርሃነመስቀል ተጨማሪ ማስታወቂያ ይዘው መጡ። ገንዘቡን የሚያደርስ የልዑካን ቡድን በድርጅቱ መኪና ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ ወይዘሮ የዓለምዘርፍም ቡድኑን እየመሩ ይሄዳሉ፣ የቤተሰባቸውንም ወሬ ያጠራሉ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ አልተጨበጨበም፤ የሰው ሁሉ ፊት ግን በራ። የዓለምዘርፍ ከከዚራ ወደ ደቻቱ በየት በኩል እንደሚኬድ አታውቅም። በየት በኩል ከቴፒ እንደሚጠፋ ግን ማሰብ ጀመረች፤ ሌሊቱን ሙሉም የማጂን አውቶቡስ ስታስብ አደረች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሀይደር መጣ።

ሀይደር ማለት ምስጢሯን የሚያውቀው ያ አንዱ ነጋዴ ነው። ከማጂ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት እየጫነ በሚዛን ከተማ በኩል አድርጎ ለክበቡ ያቀርባል። ከአምስት ዓመት በፊት በወጥ ቤቱ የኋላ በር ጠርቷት፣ "እማማ ንጋቷ ዐረፉ፣ ከተቀበሩም ሰነበተ" ብሎ የነገራት እሱ ነው። ጊዜው የምሳ ሰዓት ነበር። የዓለምዘርፍ ኩንታሉን ተቀበለችው፣ ፈረመችለት፣ ተመልሳም ወጥ አወጣች። የድሬዳዋ ልጅ ማጂ ላይ እናት ሊሞትባት አይችልም። ማታ "ዓይንሽ ምን ሆነ?" ሲሏት ሽንኩርት ነው አለች፤ ያን ዓመት በሙሉ ሽንኩርት ነበር። ድንኳን አልተተከለም፣ ንፍሮ አልተቀቀለም፣ "ያጽናሽ" ያላትም ሰው የለም።

አሁን ሀይደር ከድንኳኑ በር ቆሞ ዝናቡን ከትከሻው አራገፈ። ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ስላገኘው ጠይቆ ነው የመጣው። "የድሬዳዋ ዘመዶቿ አልቀው ነው" ብለው ነገሩት። ሀይደር ይህን ሰምቶ ወደ የዓለምዘርፍ ተመለከተ። ማጋለጡ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ሳጥኑን አልፎ ሄዶ አጠገቧ በርከክ አለና ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

"የዓለምዬ፣ ያኔ በኋላ በር ነግሬሽ መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ። መቀመጥ ነበረብኝ። ይኸው ዛሬ ልቀመጥ መጣሁ። ለእማማ ንጋቷ አላህ ይዘንላቸው። አንቺንም ያጽናሽ።" ብሎ እውነትም እግሩን አጥፎ ተቀመጠ።

የዓለምዘርፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ከሆዷ የወጣው ድምፅ ዝናቡን ዋጠው።

"እማዬ! እማዬ ንጋቷ! ማጂ ገበያ ብርዱ ላይ ተቀምጠሽ ያሳደግሽኝ! 'ልጄ ትልቅ መሥሪያ ቤት ናት' እያልሽ በሰው ፊት የኮራሽብኝ! እኔ በሰው ፊት የካድኩሽ! አፈር ያላለበስኩሽ! እናቴ፣ እናት የለኝም ያልኩሽ!"

ሴቶቹ ከእሷ እኩል ሊጮኹ የከፈቱትን አፍ እንደከፈቱ ቀሩ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይመታል። የዓለምዘርፍ እስኪወጣላት አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ማንም ሳይጠይቃት ሁሉንም ተናገረች። አገሯ ማጂ እንደሆነ። ድሬዳዋን እንደማታውቅ። በስልኩ ለማንም እንዳልደወለች። "ውሸቴን ነው። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ የሳጥኑን ገንዘብ ግን አትንኩት" አለች።

ትዕግሥት እጇን ሳጥኑ ክዳን ላይ አደረገች። ከኋላ አንድ ሰው "ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ያለቀስነው ለማን ነው?" አለ።

አቶ ታፈሰ ዞር ብለው አዩት። "ድሬዳዋ ላይ ሰው ሞቷል ወይስ አልሞተም?"

"ሞቷል።"

"እንግዲያው ያለቀስነው ለሞተ ሰው ነው። ሳጥኑ ይሄዳል።"

አሁን የሁሉም ዓይን አቶ ብርሃነመስቀል ላይ ሆነ። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድርጅቱ የተዋጣውን ያህል እጨምራለሁ አለ እንጂ ማን የት ተወለደ አላለም አሉ። ቀጥለውም ወደ እሷ ዞሩ። "ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ከልዑካን ቡድኑ ስምዎ ይሰረዛል።"

"እሺ ጌታዬ። ሥራዬስ?"

አቶ ብርሃነመስቀል ደንቡን ጠቀሱ። "እናት የሞተበት ሠራተኛ የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ አለው። እርስዎ እስካሁን አልጠየቁም። ከነገ ጠዋት ይጀምርልዎታል፤ ሲጨርሱ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ።" ይህን ብለው የመሐረብ ያለህ እያሉ ኪሳቸውን ፈተሹ።

እትዬ ወለተሥላሴ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡና ፍራሹ ላይ ተጠግተዋት ተቀመጡ። "ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ቆመሽ ሽንኩርት ነው ስትዪኝ አመንኩሽ" አሉ ተቆጥተው፤ ቁጣው እውነተኛ ነበር። ከዚያ አቀፏት። "በይ ንገሪኝ፣ እናትሽ ምን ዓይነት ሴት ነበረች?"

የዓለምዘርፍ መናገር ጀመረች። አጭር እንደነበረች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ ሚዛኗን ሁልጊዜ ለገዢው እንደምታደላ። ሴቶቹ ተጠጉ። ያልሰማችው "ምን አለች?" ትላለች፣ የሰማችው ትደግምላታለች።

ውጭ የእድሩ ወጣቶች ሦስተኛው ቀን በመሆኑ እንደ ደንቡ ድንኳኑን ሊያነሡ የጥጉን ገመድ መፍታት ጀምረው ነበር። ሸራው በአንድ በኩል ሲረግብ አቶ ታፈሰ ወጡ።

"ማን አንሡ አላችሁ?"

"ቀኑ ሞላ እኮ፣ ጋሼ።"

"ለቅሶ የሚቆጠረው መርዶ ከሰሙበት ቀን ነው" አሉ አቶ ታፈሰ። "እማማ ንጋቷን እኛ የሰማነው ዛሬ ነው።"

ወጣቶቹ ገመዱን መልሰው ወጠሩት።