እንግዳ ይመጣል ተብሎ የተወለወሉት የእሳት እራቶች

“ኦቦ፣ እንግዳ ስለሚመጣ አቧራቸውን ወልውለንልዎታል!” አለኝ ርዕሰ መምህሩ፣ ደስ ብሎት።

ዛሬ ጠዋት ነው፤ ነቀምቴ፣ ድሮ ባዮሎጂ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት። የደረቁ ነፍሳት የምናስቀምጥበትን ባለመስታወት ሳጥን ስከፍት ደሜ ፈላ።

በጃንሆይ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ከሲሬና ከጉቴ ማሳ የሰበሰብናቸው የእሳት እራቶች ናቸው።

በቆሎ የሚፈጀው ተምች አድጎ የሚሆነውን የእሳት እራት ከሌላው የምንለየው የፊት ክንፉ ላይ ባለችው ኩላሊት መሳይ ምልክት ነበር። ምልክቷን የሚሠራት ደግሞ እሱ አቧራ ያለው የክንፋቸው ብናኝ ነው!

አሁን ሁሉም ራቁታቸውን ቀርተዋል። ተማሪው ተምቹን በምን ሊለይ ነው?

(የሳጥኑ መስታወትማ እንደቆሸሸ ነው። እሱን ማን ነክቶት!)

እንግዳው ደግሞ ቀረ።

እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተስ ጋ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ምን ጠፋ?