በፎቶው ላይ ባዶ እጄን የቆምኩት እኔ ነኝ

በመጀመሪያ በደሉ ይጻፍልኝ። የዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች በተደረደረላቸው ወንበር ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ መምህር ውብሸት ዓመት ሙሉ የነፋሁትን ዋሽንት ከእጄ ወስደው ለሹሙ ልጅ ለሰሎሞን ሰጡት። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጅ ሳለሁ ጠየቅኋቸው፤ አግብቼ ጠየቅኋቸው፣ ወልጄ ጠየቅኋቸው፣ አያት ሆኜም ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ደህና ሰው እንደነበሩ፣ ፓፓያ ቆርጠው ሳሕን ላይ ካስቀመጡ በኋላ አንዱን ሳይቀምሱ፣ ለእኔም መልሱን ሳይሰጡ ድንገት ሞቱ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ፎቶግራፍ ነው። የፊታችን እሑድ አርባቸው ስለሚወጣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የመታሰቢያ ወረቀት አሳትመዋል። የልጅ ልጄ ማክሰኞ ዕለት አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ኦርኬስትራው በሦስት ረድፍ ቆሟል፤ ሁሉም ዋሽንቱን ከንፈሩ ሥር ይዟል፤ መምህር ውብሸት ፊት ለፊት ቆመው እጃቸውን አንሥተዋል። ከእሳቸው ሁለት እርምጃ ርቃ ደግሞ አንዲት ቀጭን ልጅ ባዶ እጇን፣ ግንባሯን ቋጥራ ቆማለች። መላ አካሏ ጥርት ብሎ ሲታይ ቀኝ እግሯ ብቻ ደብዝዟል፤ ፎቶው ሲነሣ አላረፈም ነበርና። ያች ልጅ እኔ ነኝ። ከሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተባለ የሃያ አራት ሰው ስም ተጽፏል። ዘነበች የሚል ግን የለም። አስተባባሪዎቹን ስልክ ደውዬ ብጠይቅ፣ የተጻፈው ዋሽንት የያዘው ሰው ስም ብቻ ነው አሉኝ። ዋሽንቱን እኮ የቀማኝ ሰው ነው የሚዘከረው! ቀምተው ሲያበቁ፣ አልያዝሽም ብሎ ከስም ዝርዝር ማውጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

እንደ እውነቱ ከሆነ ከአባቴ ቀጥሎ የመምህር ውብሸትን ያህል የምወደው ሰው አልነበረኝም፤ ንዴቴም ከዚሁ የመጣ ነው። የማይወዱት ሰው ቢበድል ሃምሳ ዓመት ማን ያስታውሰዋል? እሳቸው ከወደ ሰሜን የመጡ፣ ቀድሞ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጥሩምባ ይነፉ የነበሩ፣ ረጅም፣ ሱሪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ የአርባ ምንጭን ሙቀት ለመልመድ እንቢ ብለው እስከ መጨረሻው ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። መዝሙር እንዲያስተምሩ ወደ ትምህርት ቤታችን ሲላኩ ያገኙት መሣሪያ አፉ የተጨፈለቀ አንድ ጥሩምባ ብቻ ነበር። በመጡ በመጀመሪያው ዓመት ለመስቀል ጨንቻ ወጡ። እዚያ የደጋው ወንዶች ክብ ሠርተው የቀርከሃ ዋሽንት ሲነፉ አዩና እንደ ተደነቁ ተመለሱ፤ በማግስቱ ክፍል ገብተው ኦርኬስትራ ልናቋቁም ነው አሉን።

ዋሽንት ልበለው እንጂ ጣት የሚረማመድበት ቀዳዳ የለውም። ከታች የተደፈነ የቀርከሃ ቁራጭ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚነፋው አድርገው ሲነፉት አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌላ አይችልም። ረጅሙ ይጎረንናል፣ አጭሩ ይጮኻል። ስለዚህ አንድ ዜማ ለማውጣት ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ሁሉም የራሱን ድምፅ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጠብቃል። አንዱ ከቀረ ዜማው በዚያ ቦታ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ይሆናል።

ቀርከሃውን ልናስቆርጥ በጭነት መኪና ጨንቻ የወጣንበት ቀን ዛሬም ያበርደኛል። እኛ የቆላው የሲቀላ ሰፈር ልጆች በስስ ልብስ ነበር የሄድነው፤ ጉሙ ውስጥ ስንገባ ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ። የደረስንበት ቤት ባለቤት ሴት ትኩስ ድንች በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ሰጥታን አፋችን እየተቃጠለ እግራችን እየበረደ በላን። አንድ ሽማግሌ ቀርከሃውን እየቆረጡ፣ እየነፉ፣ ጆሯቸውን እየደገኑ፣ እንደገና እየቆረጡ ለእያንዳንዳችን ሰጡን። ጓሮው ሁሉ አዲስ የተቆረጠ ቀርከሃ ይሸት ነበር፤ እንደ እርጥብ ሣርም እንደ ስኳርም ያለ ሽታ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሁለት ልያዝ ቢል ሽማግሌው ተቆጡ፤ ሁለት የያዘ ሰው ጓደኛውን መጠበቅ ይተዋል ብለው ነሡት። ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። እናቴ ለወንድሞቼ ቀድማ በምታቀርብበት ቤት ያደግኩ ልጅ፣ ማንም ከማንም የማይበልጥበት ቦታ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። የእኔ ዋሽንት መካከለኛ ነው፤ ድምፁ እንደ ርግብ ነው።

ልምምዳችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ትልቁ ሾላ ሥር ነበር። ዝንጀሮዎች ከጫካው ዳር መጥተው ተቀምጠው ይሰሙን ነበር፤ ስንጨርስም አያጨበጭቡም፣ የረሳነውን ማንጎ ወስደው ይሄዳሉ። መምህር ውብሸት ስህተት የሚይዙበት መንገድ ለብቻው ነበር። ሌላ አስተማሪ ድምፅሽ ዘገየ ይላል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ፊታችን ላይ ተክለው ጉንጭሽ ዘገየ ይሉናል። ደወል ሲደወል ሁላችንም ተነሥተን እሳቸው ይቀጥላሉ፤ እጃችንን ዘርግተን ወደ ደወሉ ካላሳየን አያቆሙም። እኛ ለሥራው ያላቸው ፍቅር ነው እንል ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ አመል ነበረኝ፤ ቀኝ ተረከዜን መሬት ላይ እመታለሁ። አባቴ ሸማኔ ነበር። የሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን ሲረግጥ፣ መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲል እሱ ጎን ሆኜ ነው ያደግኩት። እናቴ ስትጣራ፣ ጎረቤት ሲጨቃጨቅ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ የአባቴ እግር አይፈጥንም አይዘገይም። የእኔም እግር ከዚያ ተማረ። የስፖርት አስተማሪው እግርሽን አሳርፊ እያለ በልምጭ ይመታኝ ነበር፤ መምህር ውብሸት ግን አንድም ቀን አልከለከሉኝም። እንዲያውም ዓይናቸው ዘወትር እግሬ ላይ ነበር። ጫማዬ ስለ ተቀደደ መስሎኝ አፍር ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ነፋሱ ከአባያ ሐይቅ በኩል እየመጣ የአቀባበሉን ጨርቅ ያራግባል። ተሰልፈን ቆመናል። መምህር ውብሸት መጡ፤ ዋሽንቴን ከእጄ ወሰዱና ተጠባባቂ ለነበረው፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ሹም ቤት በመኪና ለሚመጣው ለሰሎሞን ሰጡት። እኔን ከሁለተኛው ረድፍ አውጥተው ከፊታቸው አቆሙኝ። ያሉኝ ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ «አንቺ እዚህ ቁሚ፤ እንደ ልማድሽ ምቺ፤ አታቁሚ።» የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምን ታስብ? ሹሙ ደስ እንዲለው የሸማኔ ልጅ ከሰልፍ ወጣች፣ ጭራሽ በእግሯ አመል ሊያላግጡባት ፊት ለፊት አቆሟት አልኩ። አላለቀስኩም። ንዴቴን በሙሉ ተረከዜ ላይ አውርጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሬቱን ደበደብኩት። እንግዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ሰሎሞን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ከዚያ በኋላም በየዝግጅቱ ያው ቦታ ላይ አቆሙኝ። አኩርፌ ለምን አልቀረሁም? እዚያ ቦታ ላይ የሃያ አራቱም ድምፅ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ረድፍ ውስጥ ሳለሁ የጎረቤቴን ዋሽንት እንጂ ሙሉውን ዜማ ሰምቼው አላውቅም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም የምናገረው ለእውነት ስል ነው፤ ቅሬታዬን አያስቀርም። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ሳቆም መምህር ውብሸት ዋሽንቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ቤታችን ድረስ አመጡና ለአባቴ ሰጡት። እኔን አየት አድርገው ሄዱ። መልስ የለም።

ሃምሳ ዓመት መልስ የለም። ጡረታ ወጥተው በላይኛው ከተማ፣ በሴቻ፣ ቤት ሲሠሩ፣ ማንጎ በደረሰ ቁጥር ከሲቀላ በባጃጅ እየወጣሁ አደርስላቸው ነበር፤ ጥያቄዬንም አብሬ። መጀመሪያ ላይ ትደርሺበታለሽ ይሉኝ ነበር፤ በኋላ ላይ እየሳቁ ማንጎው ጣፋጭ ነው ይሉ ጀመር። ጆሯቸው ፈጽሞ ሲከዳቸው መጮኽ ጀመርኩ፤ ዋሽንቴን ለምን ወሰዱብኝ የሚለውን የሴቻ ሰው በሙሉ ያውቀዋል። በሞቱበት ሳምንት ሰኞ ዕለት ግን አልሳቁም። እጄን ይዘው፣ «እሑድ ነይ፤ እነግርሻለሁ፤ ሰሎሞንንም ጥሪው» አሉኝ። ሰው እሑድ ብሎ ቀጥሮ ረቡዕ ይሞታል? ልቅሶው ላይ ሌሎቹ ሴቶች ደግነታቸውን እየጠሩ ሲያለቅሱ እኔ እሑድን እየጠራሁ አለቀስኩ።

አሁን እኔን ጨምሮ ከሃያ አምስታችን በሕይወት ያለነው ዘጠኝ ነን። የሞቱትን ዋሽንት ልጆቻቸው ይነፉታል፤ አንዳንዱ ዋሽንት ተሰንጥቋል፣ አንዱን ምስጥ በልቶታል። ሾላው ተቆርጦ በቦታው ግንብ ቆሟል። የአባቴ ጉድጓድ ተደፍኖ የባጃጅ ማቆሚያ ነው። የእኔ ዋሽንት ግን ሳጥኔ ውስጥ ደህና ነው፤ እኔም አለሁ። ለአስተባባሪዎቹ በግልጽ ነገርኳቸው። ለምን እንደ ተወሰደብኝ ሳይነገረኝ እሑድ ዕለት እኔም አልመጣም፣ ዋሽንቱም አይወጣም፤ ዜማው በእኔ ቦታ ክፍቱን ይቅር።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሰሎሞን በሬ ላይ ቆመ። ዛሬ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። በሁለት እጁ እርጥብ ሣር ይዟል። በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሰው አልሰማህም ማለት አይቻልም፤ ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሌዎች የሚይዙት ነው። ወላጆቹ ከሰሜን ቢመጡም እሱ እዚሁ ስላደገ ይህን ያውቃል፤ አነቃቀሉን ግን አያውቅም። ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነቅሎ ነው የመጣው፤ አፈሩ ደጃፌ ላይ ይረግፋል።

«ሰሎሞን፣ ልትታረቀኝ ነው ወይስ ጓሮዬ ልትተክለው?» አልኩት።

ተንበረከከ። ከዚያ ጉልበቱ አላነሣው አለ፤ የእኔም ጉልበት ደህና ስላልሆነ ሁለታችንም በበሩ መቃን ተደግፈን ብዙ ደክመን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ውኃ ጠጣና ነገረኝ። ያን ቀን ጠዋት መምህር ውብሸት ለብቻው ጠርተውት ነበር። ግራ ጆሯቸው ገና በጦር ሠራዊቱ ሳሉ መድፍ አጠገብ ቆመው እንደ ሞተ፣ ቀኙም እየሄደ እንደ ሆነ ነገሩት። ሾላው ሥር ጉንጫችንን እያዩ ይመሩን ነበር፤ በዚያ ሰፊ ሜዳ፣ በዚያ ነፋስ ግን ምንም እንደማይሰሙ አወቁ። ትምህርት ቤቱ ከሰማ ኦርኬስትራው ያበቃል። እኔ ዋሽንት ስይዝ ተራዬን እየጠበቅኩ እግሬ አንዳንዴ ያርፋል፤ ባዶ እጄን ስቆም ግን አያቆምም። እሳቸው በሕይወት እያሉ ለማንም እንዳይናገር አስማሉት።

ከሞቱ በኋላስ አምስት ሳምንት ምን ስትጠብቅ ነበር አልኩት። አንገቱን ደፋ። ሰው ሁሉ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተመርጠህ ነው ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱን መልሶ መስጠት ከበደኝ አለ። ሣሩን ፊቱ ላይ ልወረውርበት ነበር፤ አልወረወርኩም። ያሉህን ቃል አንድም ሳታስቀር ድገመው አልኩት። ፎቶው ሥር እንዲጻፍልኝ የምፈልገው እሱን ነው።

«አልችልም ብዬ አለቀስኩ፤ መቼ እንደምነፋ በምን አውቃለሁ አልኳቸው» አለ ሰሎሞን። «እጄን አትይ አሉኝ። እጄ ለእንግዶቹ ነው፤ አንተ የዘነበችን እግር እይ፤ እኔም የማየው እሱን ነው።»