ቅቤ የተቀባው ሳይክል

ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ማውንቴን ሳይክሉን እቃ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነው የሄደው። አሮጌውን ከመርካቶ ገዝቶ ራሱ ብርቱካናማ ቀለም ቀብቶታል፤ ቡታጅራ ውስጥ ያንን ቀለም የማያውቅ የለም። ከታንዛኒያ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ ሰው የለም። ቤታችን ውስጥ ስለ እሱ «ነበረ» ማለት ክልክል ነው። እናቴ «አለ» ነው የምትለው።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። ግድግዳ ሳይ መዋል አቃተኝ።

«ሳይክሉን ላስጠግነውና ልንዳው» አልኳት እናቴን።

«የሰው እቃ ነው።»

«ዝገት ከሚበላው እኔ ብነዳው አይሻልም?»

ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ «ቀለሙን እንዳትነኪው» አለች። «ሲመጣ እንዲያውቀው።»

አውርጄ የተሸፈነበትን ጨርቅ ስገልጥ ሽታው ቀድሞ መጣ። ሰንሰለቱ ከላይ እስከ ታች ቅቤ ተቀብቷል። አቧራው ከቅቤው ጋር ተጋግሮ ማርሹ መሃል እንደ ጭቃ ደርቋል። ማን እንደቀባው መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኛ ቤት ራስ ሲያም ቅቤ ነው፣ ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ፣ አዲስ የሸክላ ጣባ ሲገዛም ቅቤ። ብረት እንዳይዝግም ያው ቅቤ። የከረመው ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ተደርቧል። እናቴ ማንም ሳያያት እየገባች ስትቀባው ኖራለች ማለት ነው።

ገበያው አጠገብ ላለው ሳይክል ጠጋኝ ወሰድኩለት። በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተ።

«አንቺ፣ ይሄ ሳይክል ነው ወይስ ክትፎ?»

«ዝም ብለህ ጠግን።»

«ሚጥሚጣ ብቻ እኮ ነው የጎደለው። ቆጮውንስ ይዘሽ መጥተሻል?»

ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሰንሰለቱን ፈቶ ናፍጣ ውስጥ ሲነክረው ግን ቅቤው እየተላቀቀ ሲወርድ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ጎማዎቹን ከነከመነዳሪያቸው ቀየረልኝ፤ አዲስ የፍሬን ሽቦም አስገባ።

የወጣሁ ቀን ካፊያ ነበር። ሱሪ ለብሼ፣ የሹራቤን ኮፍያ እስከ ግንባሬ ደፍቼ ወደ መስቃን ገጠር የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ዳገቱ ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁት። ከበርበሬ ማሳዎቹ ጫፍ ስመለስ ቁልቁለት ሆነ። ጭቃው ጀርባዬ ላይ ይረጫል፣ ጆሮዬ ውስጥ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ያኔ አንድ ጋሪ የሚነዳ ሰው ከኋላዬ የወንድሜን ስም ጠራ። ደግሞ ጠራ። አልዞርኩም። ፍሬን መያዝ አልፈለግሁም ነበር።

ሰውየው ለካ ከተማ ደውሎ ወንድሜ መጣ የሚል ወሬ አድርሷል። ሰፈር ስደርስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤቶቻችን እናቴን ግራና ቀኝ አቅፈዋታል።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ትላለች አንዷ።

እናቴ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ አላነሳችውም። ብርቱካናማውን ስታይ ሴቶቹን ትታ ወደ እኔ መጣች፣ በፍጥነት። ወርጄ ኮፍያዬን ወደ ኋላ መለስኩት።

አንዷ ጎረቤት «እኛ እኮ...» ብላ ተወችው። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሳይክሉን ይዤ ስወጣ በሩን የከፈተችልኝ እናቴ ነበረች። እኔ መሆኔን ታውቃለች። እያወቀች ነው ወጥታ የጠበቀችው።

በማግስቱ ፊቷን ሳታዞርልኝ፣ «ቀለም ግዢለት» አለች።

«ምን ዓይነት?»

«እሱን የማይመስል።»

ጥቁር ገዛሁ። ቆርቆሮውን ይዤ ስመለስ ሳይክሉ ግቢው ውስጥ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። እናቴ ማጀት ናት፤ ዕቃ ስታንቀሳቅስ ይሰማኛል። ቀለሙን ከመጀመሬ በፊት ልጠርገው ጎንበስ ስል ሰንሰለቱ አብረቀረቀብኝ። በጣቴ ነካሁት።

ለጋ ቅቤ ነው።

ቆርቆሮውን ሳልከፍተው እቃ ቤት አስቀመጥኩት።