የሴቶቹ ታንከርና የእኔ ቀለበቶች

መቀመጥ የማልችል ሴት ነኝ። ድሮም እንዲያ ነበርኩ፤ ኬንያ ሞያሌ በኖርኩበት ዓመት ግን ባሰብኝ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከዲላ አምጥቶ ሄሉ በሚባል ሰፈር አንዲት የቦረና ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየልኝና፣ «ናይሮቢ ቤት ፈልጌ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎኝ ሄደ። ወር በወር ላይ ተደራረበ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እየሮጥኩ እወጣለሁ። የሱን ወሬ የያዙ ረዳቶች፣ «ደህና ነው፣ አታስቢ» ይሉኛል። አታስቢ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

አከራዬ አማርኛ የለመዱት ከነጋዴ ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚሉት። «አንተ ለምን አትቀመጥም? ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በል! መሬቱ የትም አይሄድም» ይሉኛል። መሬቱ የትም አለመሄዱ ነበር እኮ ችግሬ።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሴቶች መንገዱ ዳር የውሃ ታንከር ያሠሩ ነበር። ከክሊኒኩ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የሚያጠራቅም፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ክብ ነገር ነው። ግንበኛው ወንድ ነው፤ ድንጋዩንና አሸዋውን የተሸከሙት ግን ሴቶቹ ናቸው። እኔም እግሬ አላስቀምጥ ስላለኝ አብሬ ተሸከምኩ። ግንባታው ሲያልቅ ሴቶቹ «ራቁቱን አይቆምም» አሉ። ጎርፋ በሚሉት፣ ከተክል ሥር ጎንጉነው በሚሠሩት የወተት ዕቃ ላይ የሚያወጡትን ጌጥ ግድግዳው ላይ ሊያወጡት ተስማሙ። ቀይና ነጭ ቀለም ከሱቅ ተገዛ፤ ጥቁሩን ከሰል በአሮጌ የሞተር ዘይት ለውሰው አወጡት። ድንጋይ ለተሸከመች ሁሉ የራሷ ቦታ ተሰጣት። እኔ ወደ ደቡብ፣ ወደ ናይሮቢ መንገድ የሚያየውን ለምኜ ወሰድኩ።

አከራዬ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ እየነከሩ ሲስሉ ማየት ያስቀናል። መስመሩ ይወርዳል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል፤ ስፌት ይመስላል። እጃቸው አይቸኩልም፣ አያመነታም። የእኔ ጣት ደግሞ እንደ እኔው ነው፤ ሁለት መስመር አበላሸሁና ተውኩት። ከዚያ የማውቀውን ሣልኩ፤ ነጭ ክብ፣ በውስጡ የተጠላለፉ ሁለት ቀይ ቀለበቶች። ባሌ በሠርጋችን ሰሞን በመኪናው ግንባር ላይ ያስቀባው ነው። ሲመጣ ከሩቅ አይቶት እዚህ እንዳለሁ ያውቃል ብዬ ነው። ሞኝነቴ! ክፍሉን የተከራየልኝ እሱ ራሱ አይደል?

በማግስቱ ጉድ ፈላ። ሴቶቹ ታንከሩን ከበው ቆመዋል። አከራዬ እጄን ይዘው ወደ ቀለበቶቹ ወሰዱኝ።

«ይህ ቻፓ የማን ነው?»

«ቻፓ አይደለም፣ ጌጥ ነው» አልኩ።

«ጌጥ ይህ ነው» አሉ የራሳቸውን እያሳዩ። «ያንተ ቻፓ ነው። ግመል ላይ በእሳት የሚተኮስ። ቻፓ ያለበት ነገር ጌታ አለው። ነገ ሰውዬው መጥቶ ማጂው፣ ውሃው የእኔ ነው፣ የእኔ ከብት ይቅደም ቢልስ?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ማንም አልሳቀም። እዚያ አገር በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት ክርክር ይቆርጣል። ጀርባቸው እስኪላጥ ተሸክመው ያቆሙት ነገር በማያውቁት ወንድ ምልክት ሊወሰድባቸው ነው! እውነቱን ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፤ አንዷ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተመካክረው ወሰኑ። እስከ ዝናብ ይቆይልሽ፤ ውሃ ሊገባ ሲል ግን ይጥፋ፤ የወንድ ቻፓ ካለበት ታንከር አንቀዳም አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መንገዱንና ሰማዩን ማየት ሆነ። ደመና ሲቋጠር ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን እንዲበተን እመኛለሁ። ነፋስ ሲበትነው በድብቅ እፎይ እላለሁ። ከቡቲዬ ሰፈር በኩል የከሳ ከብት እየተጎተተ ሲያልፍ ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። ባሌ ሳይመጣ ዝናቡ ከጣለ አበቃልኝ ብዬ ነበር፤ ለምን እንዲያ እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ግን አምኜበት ነበር።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ በተሰማበት ቀን መጣ። መኪናውን ታንከሩ አጠገብ አቁሞ ዘሎ ወረደ። ወፍሯል። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

«ዕቃሽን ያዢ፤ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው እንውጣ» አለኝ።

ስንት ወር የጠበቅሁት ቃል ነው። ግን አልተንቀሳቀስኩም፤ ዓይኑን እያየሁ ነበር። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ቃኘና ቀለበቶቹ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ።

«እነዚህ ሰዎች ግድግዳውንም እንደ ግመል ይተኩሱት ጀመር?»

«ያንተ ነው እኮ» አልኩት።

«የኔ?»

ወደ መኪናው ግንባር ዞርኩ። አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ምንም የለበትም። እሱም ዓይኔን ተከትሎ አየና ትዝ አለው። «እሱማ ቀለሙን ሳስቀይር ጠፋ። አንቺ ደግሞ! በይ ቶሎ በይ» ብሎ ሳቀ።

ክፋት አልነበረበትም፤ ይበልጥ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ሹል ድንጋይ አነሣሁና ቀለበቶቹን እፍቅ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውሃ ሊገባበት ነው፤ መጥፋት አለበት።»

«ሌሎቹ ያጥፉታ!»

«እኔ ነኝ የሣልኩት!» ጮህኩበት።

ሰማዩን አየ፤ «እንግዲህ ስመለስ እናወራለን» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ድንጋዩን አልጣልኩም። መኪናው ከዓይን ሳይርቅ ዝናቡ ወረደና ከጣሪያው በቆርቆሮው አሸንዳ እየተንዶቆዶቀ ታንከሩ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ከየጎጇቸው ወጥተው እልልታውን አቀለጡት። እኔም እየፋቅሁ፣ በዚያ ሁሉ እልልታ መካከል፣ «ባል የለኝም» አልኩ ጮክ ብዬ። ማንም አልሰማኝም።