ወርዳ የምትመለስ መኪና

ወንድሜ የሠራው ማኒፎልድ ውስጥ ጣቴን ስከት የሞረዱ ጭረት ይሰማኛል። አራት አጫጭር የብረት ቱቦዎች ናቸው፤ ከካርቡራተር የወጣውን አየርና ቤንዚን ተቀብለው ለሞተሩ አራት ሲሊንደሮች ያደርሳሉ። ሦስቱ ውስጣቸው እንደ ስኒ ልሙጥ ነው። አራተኛው ግን ሁለት ጣት ያህል ገባ ሲሉ ይሻክራል። ሞረዱ እዚያ ላይ ቆሟል። ለምን እንዳቆመ አላውቅም። እናታችን ለምሳ ጠርታው ይሆናል፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ ወይም እሑድ ደርሶበት ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋዬ ሥር አስቀምጬው፣ ክፍሌን በጠረግኩ ቁጥር እያወጣሁ ያንን የቆመበትን ቦታ በጣቴ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

አጠገቡ በጆንያ የተጠቀለለ ሌላ ማኒፎልድ አለ። እሱ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ይዛው የመጣችው ነው፤ ቱቦዎቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ የሚሸከመውም አንድ ካርቡራተር ብቻ ነው። የወንድሜ ሁለት ይሸከማል።

መኪናዋ የአባታችን ታክሲ ነበረች፤ ሐረር ውስጥ ሁሉም የሚያውቃት ዓይነት የድሮ የፈረንሳይ ሥሪት። አባታችን ሲሞት ለወንድሜ ቀረች። ወንድሜ ግን ሰኞ ሰው የምትጭን፣ እሑድ የምትሮጥ መኪና ነበር የፈለገው። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ተነጥፎ ገና ያልተከፈተ አስፋልት ነበር። መኪና ያላቸው ልጆች እሑድ ጠዋት ጠዋት በየመኪናቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከአንድ የኖራ መስመር እስከ ሌላው የኖራ መስመር ቀጥ ብለው ይሮጡበት ነበር። ለዚያ ብሎ ነው ረጅሙን አውልቆ አጭሩን የሠራው።

የመጨረሻው እሑድ ስልክ ደወለልኝ። እየሳቀ ነበር። «ፒስቶን በላች» አለኝ። «አራተኛው ተበሳ። እዚሁ ትቻት በሚኒባስ እመጣለሁ፤ ለእማዬ አትንገሪያት።» አልነገርኳትም። ሚኒባሱ ወደ ሐረር የሚያመጣውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ከመታጠፊያው ላይ ወደ ገደሉ ገባ። መኪናዋ እሱ ከተቀበረ ከአራት ቀን በኋላ፣ እንደ በሬ በገመድ ታስራ፣ በጭነት መኪና ላይ መጣች። ምንም አልሆነችም ነበር። ከፒስቶኗ በስተቀር አንድ ጭረት አልነበረባትም። ማኒፎልዱን አስፈትቼ አልጋዬ ሥር ከተትኩት።

እናቴ መኪናዋን ገደለችው ብላ አታውቅም። ቅር ያሰኛት ሌላ ነው፤ እሱን ይዛ አለመመለሷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በመኪናዋ አጠገብ ስታልፍ ነጠላዋን ትሰበስባለች፣ ከማያናግሩት ጎረቤት ጋር መንገድ ላይ እንደሚተላለፍ ሰው። እግሯን ስለሚያማት ወደ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ነው የምትሄደው፤ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ። ባለፈው ዓመት ሞተሯን ላሠራ ነው ስላት ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ «ድሬዳዋ ወርዳ ትመለስ። በራሷ ጎማ። ያን ጊዜ እገባባታለሁ» አለችኝ።

ስለዚህ ፒስቶኑ ከተቀየረ በኋላ ከሁለቱ ማኒፎልዶች አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።

መካኒኩ ከሸዋ በር ትንሽ ዝቅ ብሎ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከገበሬ ቤተሰብ ነው የመጡት፤ ልጅ ሆነው ከገጠር ጫት ጭኖ በሚመጣ መኪና ሐረር ገቡ፤ ከዚያም ከመኪና ተለይተው ወደ ገጠር አልተመለሱም። ወንድሜን ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሞተርን በዓይናቸው አያዩም፤ ያዳምጣሉ። የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ካርቡራተሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ማንም አይናገርም።

ሁለቱን ማኒፎልዶች ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ አጭሩን ሳይነኩ ብዙ አዩት።

«የቱን ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ።

«ልዩነታቸውን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ስትራመጂ በአፍንጫሽ ነው የምትተነፍሺው፤ ስትሮጪ አፍሽን ትከፍቻለሽ። ረጅሙ አፍንጫ ነው። ቀጭን ስለሆነ አየሩ ውስጡ ይፈጥናል፤ ከታች ጀምሮ ይጎትታል፤ ዳገት ላይ፣ ሰው ጭነሽ፣ አያሳፍርሽም። አጭሩ አፍ ነው። ሞተሩ ሲጮህ እንጂ ዝግ ሲል አያውቅበትም። ቀስ ስትዪ ይታነቃል።»

«ሁለቱንም የሚሆን የለም?»

«ወላሂ፣ ወንድምሽም ይህንኑ ነበር የጠየቀኝ።»

አጭሩን አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ግን አውቃለሁ። ሞተሩ የሚስበው አየር ሁሉ ወንድሜ በሞረደው ቦታ እንዲያልፍ ፈልጌ ነው። ፈረስ መጋላ አደባባይ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ስለ እሱ አንድም መስመር መጻፍ ግን አልቻልኩም ነበር። ድምፁን ብሰማ የሚመጣልኝ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አጭሩን ገጥመን ጨረስን። ሽማግሌው ቱቧቸውን ይዘው ሁለቱን ካርቡራተሮች እኩል እስኪተነፍሱ ድረስ አስተካከሉ። ሞተሩ ተነሣ። ያ ድምፅ ነበር። የሻከረ፣ የተቆጣ፣ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው የሚመስል።

ፈረስ መጋላ ስደርስ ከቀስታው የተነሣ ታነቀና ጠፋ። አስነሣሁት፤ እንደገና ጠፋ። ከኋላዬ የባጃጅ ሾፌሮቹ ጥሩምባቸውን አቀለጡት።

«አቦ ገለል አድርጊያት! ሞተር ነው ወይስ አንበሳ ነው የጫንሽው?»

«አንበሳስ ይራመዳል፤ ይቺ ማግሳት ብቻ ነው!» አለ ሌላው።

ስቄ ነበር። ከዚያ ቀና ስል አደባባዩ ዳር ጫማ የሚሰፉት ሽማግሌ መርፌያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቆመው አየኋቸው። እኔን አልነበረም የሚያዩት። ከእኔ ጎን የነበረውን ባዶ ወንበር፣ ከዚያ መሪውን፣ ከዚያ እንደገና ባዶውን ወንበር አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡና መርፌያቸውን ወደ ቆዳው መለሱ።

ቤታችን ሐኪም ጋራ የሚባለው ኮረብታ ላይ ነው። የግቢው በር ከባድ ብረት ነው፤ አንድ ሰው ከመኪና ወርዶ ለመክፈት ይንገላታል። ስለዚህ ወንድሜ ከታች ካለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቤንዚኑን ሁለቴ ይረግጥ ነበር። እናቴ ያንን ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ወጥታ በሩን ትከፍትለታለች። ጥሩምባ አይነፋም፤ «ጥሩምባ ለመንገደኛ ነው» ይል ነበር።

እኔ ያንን አስቤ አልነበረም። እምላለሁ። መታጠፊያው ላይ ፍጥነቴ ሲቀንስ ሞተሩ ሊታነቅ ሆነ፤ እንዳይጠፋ ብዬ ሁለቴ ረገጥኩት። ያኔ ነው የገባኝ። ወንድሜም ሁለቴ ይረግጥ የነበረው ሞተሩ እንዳይጠፋበት ነው። ለእናታችን ምልክት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ከመስኮት ሰምቼው «ለእማዬ ነው» ብዬ ነበር፤ ማኒፎልዱ ነበር።

ዳገቱን ስጨርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሁለቱም ክንፍ። እናቴ በባዶ እግሯ መሀሉ ላይ ቆማለች። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር መጻፍ እችል ነበር፤ አልጽፈውም። በፊት መስታወቱ እኔን እስክታይ ድረስ ምናልባት ሦስት የልብ ምት ያህል ቆየ። ከዚያ፣

«አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ወደ ጎን ብላ አሳለፈችኝ። በሩን ዘጋች።

ሰኞ ከሥራ በፊት መኪናዋን ወደ ጋራዡ ወሰድኳት። ሽማግሌው ገና ፊቴን ሲያዩ ኮፈኑን ከፈቱ።

«አንድ ሐሳብ አለኝ» አሉ። «የሱን ቱቦዎች ከመሀል ቆርጠን ሌላ ቱቦ እንበይድበት። ያረዝመዋል። ካርቡራተሩን አንድ እናደርገዋለን። ያኔ ሰኞም እሑድም ይሆንልሻል። ግማሽ ሯጭ፣ ግማሽ እግረኛ።»

ትክክል ነበሩ። እንደ እኔዋ ላለች መኪና የሚሻለው መሀለኛው ነው። ግን አራተኛው ቱቦ የሚቆረጠው ሞረዱ በቆመበት ቦታ ላይ ነበር። በኖራ ቁራጭ ምልክት ሲያደርጉበት እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ አራተኛው ቱቦ ውስጡ አላለቀም። አራተኛው ፒስቶን ነው የተበሳው። ቸኩሎ ባይሆን ኖሮ...»

ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነበር። ወንድሜ ለውድድሩ ቸኩሎ፣ ሁለት ጣት ያህል ሳይሞርድ ቀርቶ፣ በዚያ የተነሣ ሚኒባስ ውስጥ ገባ ብዬ አምን ነበር።

ሽማግሌው ኖራውን አስቀመጡ። ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

«ሻካራ ቱቦ ፒስቶን አይበሳም፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ካርቡራተሩን እዚህ፣ በዚህ ጆሮዬ አስተካከልኩለት። እዚህ ልክ ነበር። የሐረር አየር ግን ስስ ነው። ድሬዳዋ ታች ነው፤ ሞቃት ይሁን እንጂ አየሩ ወፍራም ነው። ወፍራም አየር ሲገባ ቤንዚኑ አይበቃም፤ ያኔ ሞተሩ ከውስጥ ይቃጠላል። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቡሎን ቀዳዳዋ ሰፋ ባለች መቀየር ነበረብኝ። አንዲት ቡሎን! መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች።» መሳቢያውን ሳቡና አሳዩኝ፤ እዚያው ነበረች። «እኛ የዚህ ሰዎች ተራራ ላይ እንደምንኖር እንረሳለን። ከዚህ የወጣ ነገር ሁሉ የሚሄደው ቁልቁል መሆኑን እንረሳለን። ለቅሶ ቤት መጥቼ ነፍስ ይማር ብዬ ከእናትሽ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ይህን ግን አልነገርኳትም።»

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። የማስታውሰው አጭሩን ማኒፎልድ ከኖራው አጽድቼ በጆንያው መጠቅለሌን ነው።

«ረጅሙን ይግጠሙልኝ» አልኩ። «ይህኛው አይቆረጥ።»

«አትሮጪም በዚያ።»

«መውረድና መመለስ ነው የምፈልገው።»

በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ ወጣሁ። ሽማግሌው ሁለት ትናንሽ የነሐስ ቡሎኖች በጨርቅ ቋጥረው ሰጥተውኛል፤ አንዷ ለላይኛው አየር፣ አንዷ ለታችኛው። «ደንገጎ ላይ ቁሚና ቀይሪ። ስትመለሺም እዚያው» ብለውኛል። ለዚህ ዝግተኛ ማኒፎልድ ያ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔም አውቄ ተቀበልኩ።

አወዳይን፣ ሐረማያን አልፌ ደንገጎ ላይ ስደርስ የት እንደምቆም አልመረጥኩም። ሰፊ ዳር ያለው አንድ መታጠፊያ ብቻ ነበር፤ ሚኒባሱ የገባበት። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ከገደሉ ሥር የፍየል ድምፅ ይመጣል። አንድ ሚኒባስ ሽቅብ እያቃሰተ አለፈኝ፤ መስኮቱ ላይ አንድ ወጣት ግንባሩን አስደግፎ ተኝቷል። ሚኒባሱ እስኪርቅ አላየሁትም ለማለት ሞከርኩ። ከዚያ ቡሎኗን ፈታሁ። ከእጄ አምልጣ በጠጠሩ መሀል ወደቀች፤ ተንበርክኬ ፈለግኳት። በዚያ ቦታ ላይ መንበርከክ ስፈራው የኖርኩት ነገር ነበር። ምንም አልሆንኩም። ጉልበቴ ቆሸሸ፤ ቡሎኗን አገኘኋት።

ድሬዳዋ ዳር ያለው ወንድሜ ይሮጥበት የነበረው አስፋልት አሁን ተከፍቷል። የጭነት መኪኖች ይመላለሱበታል፤ የኖራ መስመር የለም። መንገዱ ጭር እስኪል ጠብቄ ቀጥታውን ሮጥኩበት። ረጅሙ ማኒፎልድ ሲነሣ ጥሩ ጎተተ፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ግን ትንፋሹ አጠረ። የወንድሜ ያ ድምፅ በሚጀምርበት ቦታ ላይ የኔ ዝም አለ። ከዚያ በላይ የሚሆን ነገር አልነበረም። ዞርኩ።

ዳገቱን ያለምንም ችግር ወጣች። ደንገጎ ላይ ቆሜ የላይኛውን ቡሎን መለስኩ።

ሐኪም ጋራ ስደርስ ከቀትር በኋላ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሞተሩ አልታነቀም፤ እግሬም ምንም አልረገጠም። በሩ ዝግ ነበር። ወርጄ አንኳኳሁ፣ እንደ እንግዳ። እናቴ ከፍታ፣

«በምን መጣሽ?» አለች።

«በመኪናዋ። ከድሬዳዋ።»

ከኋላዬ አየቻት። ወጥታ ኮፈኑ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ትኩስ ነበር። እስክትረካ ድረስ አላነሣችውም። ከዚያ ዞራ የመኪናዋን በር ራሷ ከፈተችና ወንድሜ አጠገብ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ገባች። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ። የተቃጠለ ዘይት ሽታና የእሷ ቅቤ ሽታ ተቀላቀሉ።

«እስቲ ሁለቴ ርገጪው» አለች።

ረገጥኩት። ረጅሙ ማኒፎልድ በእርጋታ ሁለቴ ተነፈሰ።

ጆሮዋን አዘንብላ ሰማች።

«የሱ አይደለም» አለች።

ከመኪናዋ ግን አልወረደችም።