በነጭ ክር የተያያዘ ካባ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚሰፋው ግን አንድ ዓይነት ልብስ ብቻ ነው፣ የዳኛ ካባ። ሱሪዬን አሳጥርልኝ ብሎ የመጣ ሰው ካለ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ዝቅ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ያየውና «ችሎት ትቀመጣለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው አልቀመጥም ካለ በሩን ያሳየዋል። በከተማችን እሱ ትከሻውን ያልለካው ዳኛ ስለሌለ ሰዉ ሁሉ ባለካባው ይለዋል። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጓዜን ጠቅልዬ እሱ ቤት ገባሁ፤ ቁልፍ መትከልና ዘርፍ መቀምቀም የእኔ ሥራ ነው። ምላሷ ረዥም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ ለዚህ ሥራ ከመርፌም ከመቀስም በላይ የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። አምፖል አያዋጣም፤ ጨርቁን ያብለጨልጨዋል እንጂ ስፌቱን አያሳይም። ስለዚህ ወንድሜ የስፌት መኪናውን ዕድሜ ልኩን ከመስኮቱ ሥር ነው ያስቀመጠው። አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴው፣ መጋዘን እሠራለሁ ብሎ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ግድግዳ አቆመ። እጄን በመስኮቱ ባወጣ ብሎኬቱን እነካዋለሁ። ብርሃናችንን ወሰድክብን ብለን ስንጠይቀው «ፀሐይ የሁላችንም ናት፣ እኔም የድርሻዬን ወሰድኩ» አለ። የወንድሜ ዓይን ቀድሞም ደከም ብሎ ነበር፤ ግድግዳው ካልፈረሰ ከሥራው እንደሚወጣ፣ ሥራው ከሌለ ደግሞ ቀኑን ምን ብሎ እንደሚያመሸው እንደማያውቅ አውቃለሁ።

ከሰስን። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መዝገቡን ተቀብላ «የወሰንና የግድግዳ ጉዳይ የሚያየው ችሎት ዳኛው ጡረታ ወጥተዋል፤ አዲስ እስኪሾም ጠብቁ» አለችን። እኔ ከፋኝ፣ ወንድሜ ግን ፊቱ በራ።

«እታለም፣ አልገባሽም» አለኝ መንገድ ላይ። «የሚሾመው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ካባው ቶሎ ከደረሰ ችሎቱም ቶሎ ይከፈታል።»

መንግሥት የሚሠራው በካባ ይመስለዋል። እንግዲህ በዚህ ልቡ ነው ስድሳ ዓመት ያለፈው።

አሁን የወንድሜን የአሠራር ወግ ልንገራችሁ፣ ያለ እሱ የሚቀጥለው አይገባም። አንድ ሰው ለዳኝነት ሲታጭ ይለካዋል፣ ይቆርጣል፣ ከዚያ ካባውን ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት በነጭ ክር ብቻ ያያይዘዋል። ምክር ቤቱ ሹመቱን ሲያጸድቅ በጥቁር ክር በመኪና ይመታውና ነጩን መዝዞ ያወጣዋል። ዕጩው ከወደቀ ደግሞ ነጩን መተርተር ነው፤ ጨርቁም ሳይጎዳ ለሚቀጥለው ይሆናል። ይህን ያደረገው ለጨርቁ አስቦ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሰዉ ሥራችንን በበራችን እያየ ማውራት ጀመረ። «እስካሁን በነጭ ነው» ከተባለ ከዜናው ይልቅ ይህኛው ይታመናል። ጋዜጠኛ ሳይቀር በራችን ላይ ተገትሮ ይውላል።

የመጀመሪያው ዕጩ ወፍራም የሕግ ዶክተር ነበር። ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ትንፋሹን ያዘ፤ ወንድሜም በትሕትና እስኪተነፍስ ጠበቀው። ካባው በነጭ ክር ተያይዞ ሳለ አንድ ጉድ ወጣ። ዶክተሩ ቀደም ሲል አማቹ የሠራውን አዲስ የመንግሥት ሕንፃ መርምሮ ተረክቧል፤ «ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ ሁሉንም ክፍል አይቻለሁ» ብሎ ፈርሟል። ሕንፃው ደረጃ የለውም። ተሠርቶ የፈረሰ አይደለም፣ ከመጀመሪያውም አልተሠራለትም። የሹመት አጣሪ ኮሚቴው በምን እንደወጣ ሲጠይቀው «በኃላፊነት ስሜት» ብሎ መለሰ። ይህን በሬዲዮ ስሰማ ሥራዬን አስቀምጬ ሳቅኩ። ወንድሜ አልሳቀም፤ ካባውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነጩን ክር መተርተር ጀመረ።

ሁለተኛው ቀጭን ነበር፤ የዶክተሩ ካባ ግማሹ ተቀንሶለት ነው የደረሰው። እሱን የጣለው ሀብቱ ነው። ሀብት አስመዝግብ ሲባል ቤቱም፣ መኪናውም፣ ሕንፃውም የሚስቴ እናት ንብረት ናቸው ብሎ አስመዘገበ። ወሬው ሲጠና፣ ከችሎቱ ምኞት ይልቅ የወንድሜ ክር አሳሰበውና አመሻሽ ላይ መጣ።

«አባቴ፣ እባክዎ በጥቁሩ ይስፉልኝ» አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«ሲጸድቅልዎ እሰፋለሁ፣ ጌታዬ።»

«እርስዎ ካልሰፉት እንዴት ይጸድቅልኛል? የምክር ቤት አባላቱ ሁሉ ስለ ነጩ ክር ነው የሚያወሩት።»

«እነሱ ካላጸደቁት ደግሞ እኔ እንዴት እሰፋዋለሁ?»

እኔ ሻይ ላቅርብ ወይስ ልሳቅ ግራ ገባኝ። በማግስቱ ኮሚቴው አማቲቱን አስጠራ። አሮጊቷ ያ ሁሉ ንብረት በስሟ መጻፉን ስትሰማ በጣም ተገረመች፤ ኮሚቴውን አመስግና በቀጥታ ሄደችና ልጇንና የልጇን ባል ከቤቷ አስወጣች። ሰውየው ሹመቱንም ቤቱንም በአንድ ሳምንት አጣ። የእኛ መዝገብ እዚያው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ወንድሜም ነጩን ክር ተረተረ።

ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። እሷን ወደድኳት፣ አልደብቅም። ስትለካ ሆዷን አልሳበችም፣ ስለ ክሩም አልጠየቀችም፤ «ክፍሉ ጨለማ ነው፣ እንዴት ይሠራሉ?» ብላ የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ኮሚቴው መረመራት፣ ምንም አላገኘም። እንደገና መረመራት። የቀድሞ መምህሮቿን፣ የቀድሞ ጎረቤቶቿን፣ ጫማ የሚጠግንላትን ሰውዬ ሳይቀር ጠየቀ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ለጋዜጠኞች ሲናገር «በዚህ ደረጃ ምንም የማይገኝበት ሰው አጋጥሞን አያውቅም፤ እጅግ አሳስቦናል» አለ። ሹመቷ «ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልገዋል» ተብሎ ታለፈ። ያን ቀን ወንድሜ ስፌቱን መተርተር ከወትሮው እጥፍ ፈጀበት። ዓይኑ ይሁን ሐዘኑ አልጠየቅኩትም።

በዚህ መሃል ጨለማው ሥራውን እየሠራ ነበር። ወንድሜ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት ለእኔ ይሰጠኝ ጀመር። ዓይንህን ልየው ስለው ይቆጣል። መኪናውን ወደ በር አስጠግተን ሞከርን፤ መንገደኛው እየተደናቀፈ ሰደበን፣ መለስነው። የቧንቧ ነጋዴው ጠዋት ጠዋት ሲያገኘን «ዳኛ ተገኘላችሁ?» ይለናል፣ ጥርሱን እየፋቀ።

አራተኛው ተገኘ፤ ያውም በስህተት። ዝምተኛ፣ ሽበታም፣ ጫማው ያረጀ ሰው ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ ቅሌት ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ዕጩዎችን ለማጣራት የተመደበለትን መኪና ልጁ ታክሲ አድርጎ ይሠራበት ኖሮ፣ አንድ የምክር ቤት አባል ሳያውቅ ተሳፈረበት። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። በዚያ ጫጫታ መካከል አፈ ጉባኤው የአራተኛውን ዕጩ ስም ጠርቶ «የተቃወመ?» አለ፣ ሰሚ አላገኘም፤ ጸደቀ። ንጹሕ ሰው ሊሾም የሚችለው የሚያየው ሲጠፋ ነው ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት። እሱ ግን አልሰማኝም፤ ጥቁሩን ክር እየፈለገ ነበር።

ያን ካባ ሲሰፋው ልርዳህ አልኩት። «ይህ የራሴ ነው» አለኝ። አጎንብሶ፣ አፍንጫው ጨርቁን ሊነካ እስኪደርስ፣ መኪናውን እየመታ ዋለ። ሲጨርስ ነጩን ክር አንድ በአንድ መዝዞ አወጣ፤ ነጩ በጨለማም ይታያል። ጥቁሩ ግን አይታይም። ኋላ እንደገባኝ፣ የጀርባውን መሃል ስፌት ከአንገት ሥር ሲጀምር ከመኪናው ሥር ያለው ክር አልቆ ነበር፤ መርፌው የላዩን ክር ብቻ ይዞ፣ ሳያያይዝ ጨርቁን እየወጋ እስከ ወገብ ድረስ ሄደ። መስኮቱ ባይጋረድ ኖሮ ይህን ሕፃንም ያየው ነበር። ካባው እጥፋቱ ብዙ ስለሆነ ተሰቅሎ ሲታይ ምንም አያስታውቅም፤ እኔም ቁልፉን ብቻ አይቼ ተኩሼ ሰጠሁ።

አዲሱ ዳኛ መጀመሪያ ያየው መዝገብ የእኛን ነበር። ወንድሜ የክት ኮቱን ለብሶ፣ የቧንቧ ነጋዴው ከጠበቃው ጋር፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ዳኛው ገብቶ ተቀመጠ፤ ካባው አምሮበታል። መዝገቡን አገላብጦ ወንድሜን ቀና ብሎ አየው።

«ከሳሽ፣ ከዚህ በፊት እንተዋወቃለን?»

ወንድሜ በደስታ «እንዴታ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የለበሱትን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለ።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «እንዲያ ከሆነ ጉዳዩን እኔ ማየት አልችልም። ለሌላ ችሎት ይመራል። እርስዎ ካባ ያልሰፉለት ዳኛ የትኛው ነው?»

ወንድሜ አንድ ስም ቢጠራ፣ ወይም አላስታውስም ቢል፣ ወይም ቢያስለው እንኳን ደግ ነበር። የዕድሜ ልክ ኩራቱ ግን አሸነፈው። ደረቱን ነፋ አድርጎ «በዚህ ከተማ እኔ ያልሰፋሁለት ዳኛ የለም» አለ።

«በአጎራባች ከተሞችስ?»

«እዚያም ቢሆን።»

ጠበቃው ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ አለ። ዳኛው በጣም አዘነ፣ ከፊቱ ይታያል። «እንግዲያው የእርስዎን ጉዳይ ሊያይ የሚችል ዳኛ አላውቅም» አለና ከችሎቱ መነሳቱን ለማሳወቅ ቆመ፤ ዞሮ ሊወጣ ሲል የካባው ጀርባ ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ ለሁለት ተከፈለ።

ከውስጥ ሸሚዝ ነበር። ፊት ለፊቱ በወግ የተተኮሰ፣ ጀርባው ግን ጭምድድ ያለ ሸሚዝ። ካባ ሥር ማን ያየኛል ያለ የደከመ ሰው ሸሚዝ ነው፤ እኔም የባሌን እንዲያ ነበር የምተኩሰው። በአዳራሹ ሰው ሁሉ አየው፣ እሱ ብቻ አላየውም፤ በክብር እየተራመደ ወጣ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። ፊቱን ተኩሶ ጀርባውን ያልተኮሰ ሰው ምን ያልደበቀው ነገር አለ ተባለ። ደረጃ የሌለው ሕንፃ ተረሳ፣ የአማቲቱ ቤት ተረሳ፣ ታክሲውም ተረሳ። ምክር ቤቱ የሸሚዝ ጉዳይ አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ያው ባለታክሲው ሰውዬ። ዝምተኛው ዳኛ አልተከራከረም። በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ።

ካባውን ራሱ ይዞት መጣ። ወንድሜ ብድግ ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር ሰውየው በእጁ አስቆመው። ወደ መስኮቱ ሄደ፤ እጁን አውጥቶ ብሎኬቱን ነካ። መዳፉን ዓይኑ ፊት አድርጎ ገለበጠው፣ አልታየውም መሰለኝ ጠጋ አደረገው።

«እዚህ ነው የሚሠሩት?»

«እዚህ ነው፣ ጌታዬ።»

«ይህ ግድግዳ መፍረስ አለበት» አለ። «መዝገቡን ባየው ኖሮ እንዲያ ነበር የምፈርደው። አሁን ምንም ስላልሆንኩ መናገር እችላለሁ።»

ወንድሜ እጅ ነሳው። ትክክለኛ ፍርድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈረደለት፤ የፈረደለት ሰው ግን ዳኛ አልነበረም። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከንዴት ነው።

አምስተኛው ዕጩ ሳምንቱ ሳያልቅ መጣ። ትከሻው ሰፊ ነው፣ እየሳቀ ተለካ፣ እየሳቀ ሄደ። ምክር ቤቱም በጭብጨባ አጸደቀው። ወንድሜ ጥቁሩን ክር ከመሳቢያ አውጥቶ ለረጅም ጊዜ በጣቶቹ ሲያሻሸው አየሁት። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«እታለም፣ ይህን አላየውም» አለኝ ቀስ ብሎ። «የሚታየኝ ነጩ ብቻ ነው።»

«ታዲያ በምን ልትሰፋው ነው፣ ወንድም ጋሼ?»

ነጩን ክር መኪናው ላይ አዞረና ከአንገት እስከ ጫፍ፣ ጀርባውንም እጅጌውንም፣ ጥብቅ አድርጎ በነጭ መታው። ዳኛው ያንን ለብሶ ችሎት ተቀመጠ። በነጭ ያለ ካባ ያልጸደቀ ሰው ነውና፣ እኔ ሰዉ ምን ይል ይሆን ብዬ ስጨነቅ ነበር። ማንም ምንም አላለም። እንዲያውም ሌሎቹ ዳኞች ካባቸውን እየያዙ መምጣት ጀመሩ፤ የእኛንም እንደዚያ አድርግልን እያሉ።